ጃንሆይን የገደላቸው ፕሮስቴት ነው ወይስ ትራስ?

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ታሞ ሞቶ አያውቅም። የሚታመመውም የሚሞተውም ድኻ ነው። ትልቁን ሰው ግን «ያበሉታል»። ንጉሥ ከሆነ በጠጅ፣ ራስ ከሆነ በወጥ፣ ጳጳስ ከሆነ ደግሞ በምን እንደሆነ የሚያውቁት ውስጥ አዋቂዎች ብቻ ናቸው። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ብትቀመጡ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ወደ ጆሯችሁ ጠጋ ብሎ «ሰውየው እኮ እንዲሁ አይደለም የሞተው» ይላችኋል። «እንዴት ነው ታዲያ?» ስትሉት ትከሻውን ሰብቆ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በቃ፣ ምርመራው አለቀ ማለት ነው።

በሌላ በኩል መንግሥት አለ። እሱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በእሱ ቤት ማንም ሰው ተገድሎ አያውቅም። «ባደረባቸው ሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» የምትለዋን ሐረግ ስንት ዘመን በሬዲዮ ሰማናት! ምን ዓይነት ሕመም? የት አደረ? ያሳደረውስ ማን ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው እሱም ሕመም ሊያድርበት ስለሚችል አይጠይቅም።

እንግዲህ የአገራችን ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መሀል ተይዞ ነው የኖረው፤ በሹክሹክታና በመግለጫ። የሚያሳዝነው ሁለቱም ሐኪም አይወዱም። ሐኪም መጥቶ «ቆይ፣ ሰውየው ስንት ቀን ታመመ? ያስመልሰው ነበር? እጅ እግሩ ይታዘዝ ነበር?» ማለት ሲጀምር የሹክሹክታው ሰውዬ ጨዋታው ይበላሽበታል፤ የመግለጫው ሰውዬ ደግሞ ፊቱ ይጠቁራል።

ፈረንጆቹ ይህን ጥያቄ ሥራዬ ብለው ይዘውታል። አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞችን እየሰበሰበ በታሪክ የታወቁ ሰዎችን አሟሟት ያስመረምራል። መጀመሪያ የቀረበው በዚያው በባልቲሞር በ1849 እ.ኤ.አ. የሞተው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ ነበር። «ሰካራም ነበር፣ መጠጥ ገደለው» ሲባል ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። መርማሪው ሐኪም የበሽተኛው ማንነት ሳይነገረው ምልክቶቹን ብቻ ዓይቶ «ይህ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ነው» አለ። ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔን የማረከኝ ግን ስሙን ደብቀው መስጠታቸው ነው። እኛ አገር ስሙን ደብቃችሁ ብትሰጡ ማንም ምርመራ አያደርግም፤ ምክንያቱም የእኛ ምርመራ የሚጀምረው «የማን ወገን ነበር?» ከሚለው ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ዛካሪ ቴይለር የአሜሪካ 12ኛው ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1850 እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን የነፃነት በዓላቸውን በጠራራ ፀሐይ አክብረው ተመለሱና ቼሪ የሚሉትን ፍሬ በቀዝቃዛ ወተት አወራረዱ። ሆዳቸውን ቆረጣቸው፤ በአምስተኛው ቀን ሞቱ። ባርነት ወደ አዳዲሶቹ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ይቃወሙ ስለነበር «ባሪያ ፈንጋዮቹ አርሰኒክ አበሏቸው» የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። (አያችሁ? «አበሏቸው» የእኛ ብቻ አይደለም!) በ1991 እ.ኤ.አ. መቃብራቸው ተከፈተ፤ ፀጉርና ጥፍር ተወስዶ ኦክ ሪጅ በሚባለው ታላቅ ቤተ ሙከራ ተመረመረ። አርሰኒክ ተገኘ፤ ነገር ግን ማንም ሰው ከውኃና ከምግብ ከሚያገኘው የማይበልጥ፣ ተመርዞ በሞተ ሰው ላይ ከሚገኘው በመቶዎች እጥፍ ያነሰ። ነገሩ ተዘጋ።

ልብ በሉ፣ ሰውየው ከሞቱ 141 ዓመት ሆኗቸው ነበር። አርሰኒክ ወደ ፀጉርና ወደ ጥፍር ከገባ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሥጋው ቢፈርስ እሱ አይፈርስም። ስለዚህ «አበሉት» የምንለው የጥንቱ ዘዴ ለገዳዩ ከሁሉ የከፋው ዘዴ ነው ማለት ነው። ልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ ሊዋረዱበት ይችላሉ።

ሳይንሱም ቢሆን ተሳስቶ ያውቃል፤ ይህን ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። የቤትሆቨን ነው ተብሎ የተቀመጠ ቁራጭ ፀጉር ተመርምሮ ብዙ እርሳስ ስለተገኘበት «ሙዚቀኛውን የጎዳው የእርሳስ መርዝ ነው» ተብሎ ዓለም ሁሉ ተቀበለ። በ2023 እ.ኤ.አ. የዘር ምርመራ ሲደረግ የፀጉሩ ባለቤት ሴት ሆና ቁጭ አለች! መሣሪያው አልዋሸም፤ እርሳስ አለ ካለ አለ። የዋሸው ፀጉሩን «የእሱ ነው» ብሎ ያስረከበው ሰው ወይም ጊዜ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ቤታችን።

ዳግማዊ ምኒልክን «መርዝ አበሏቸው» የሚለው ወሬ ገና በሕይወት ሳሉ የጀመረ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የነበረ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ራሱ ንጉሡ ተመርዘዋል ብሎ ነገር አነሣና ከተማው ታመሰ። አንዳንድ የውጭ ሰዎች ደግሞ ቂጥኝ ነው ብለው ጻፉ። ታሪኩን ግን ዛሬ አባቱን ወይም እናቱን በደም ግፊት ያስታመመ ሰው ሁሉ ሲሰማው ያውቀዋል። ንጉሡ ተመቱ፤ ትንሽ አገገሙ፤ ደግሞ ተመቱ። በ1902 ዓ.ም. መግቢያ የመጣው ምት ከሁሉ የከፋ ነበር፤ አካላቸውን አሰረ፣ አንደበታቸውን ዘጋ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል አልጋ ላይ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ይህ በየደረጃው የሚወርድ ሕመም በጭንቅላት ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ የሚመጣ፣ ዛሬ ስትሮክ የምንለው ነው። ለዓመታት እየመላለሰ አንደበት የሚዘጋ መርዝ ካለ ሐኪሞቹ ይንገሩን። የሚገርመው በሽታው ሳይሆን ሞቱ መደበቁ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሞተው በአደባባይ አልተለቀሰላቸውም፤ አስከሬናቸው ለብዙ ዓመታት ቤተ መንግሥት ውስጥ ቆይቶ ነው በኋላ ወደ በዓታ የተዛወረው። ሞት የሚደበቅበት አገር ደግሞ ወሬ ቢፈላ ማን ይፈርዳል?

የልጃቸው የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ አሟሟት ግን ለሐኪምም ለወሬኛም የሚጥም ነው።

ቀኖቹን ተመልከቱ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የቀድሞ ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። መጋቢት 24 ቀን ንግሥቲቱ አዲስ አበባ ላይ ሞቱ። በማግሥቱ ንጉሥ ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ሁለት ቀን! ይህን የሚያክል ግጥጥሞሽ ያየ ሐበሻ «አበሏቸው» ባይል ነበር የሚገርመኝ። አንዱ መርዝ አለ፤ አንዱ የባላቸውን ሞት ሰምተው በድንጋጤ አለ፤ አንዱ ደግሞ ትኩሳት ላይ እያሉ ቀዝቃዛ ጠበል ተነክረው ነው አለ።

አንድ ጡረታ የወጡ የውስጥ ደዌ ሐኪም ወዳጅ አሉኝ። ማኪያቷቸውን ያለ ስኳር እየጠጡ (ለምን ያለ ስኳር እንደሆነ አሁን ይገባችኋል) ጉዳዩን አቀረብኩላቸው።

«ስኳር በሽታ ነበረባቸው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ትኩሳትስ?»

«ነበራቸው። የአንጀት ተስቦ ነው ይባላል፤ ታይፎይድ።»

«ወሩ ምን ነበር?»

«መጋቢት። ሁዳዴ።»

«ይጾሙ ነበር?»

«እንዴታ! እንደሳቸው ያለ ጾመኛና ጸሎተኛ...»

«በል እንግዲያው ልጄ፣ ሌላ ገዳይ አትፈልግ።»

ከዚያ በናፕኪን ላይ እየሣሉ አስረዱኝ። ስኳር ያለበት ሰው ትኩሳት ሲይዘው ሰውነቱ ከወትሮው የበለጠ ኢንሱሊን ይፈልጋል። ካላገኘ ስኳሩን ወደ ጉልበት መለወጥ ስለማይችል የገዛ ስቡን ማቃጠል ይጀምራል። ከስቡ አሲድ ይወጣል፤ ደሙ ይኮመጥጣል ማለት ነው። በሽተኛው ይጠማዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ እየፈጠነና እየጠለቀ ይሄዳል፣ ከዚያ ይደነዝዛል፣ ከዚያ አይነቃም። ምግብና ውኃ ሲጓደል ደግሞ ይፋጠናል። ከአፋፉ እስከ ገደሉ አንድ ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ሐኪሞቹ ኪቶአሲዶሲስ ይሉታል። ኢንሱሊን የተገኘው በ1921 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ቶሮንቶ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የተወጋውም በ1922 መግቢያ። ንግሥት ዘውዲቱ የሞቱት ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ በዓለም ላይ ነበረ እንግዲህ።

እኔም እንደ ጋዜጣ ሰው ዝም አላልኩም። «ታዲያ የጉግሣ ሞት በሁለት ቀን መቅደሙስ?» አልኳቸው።

«ድንጋጤም ስኳርን ከፍ ያደርጋል» አሉኝ። «ሰምተው ከሆነ ረድቶታል፤ ካልሰሙም አላስፈለገም። ቀዝቃዛ ጠበሉም እንዲሁ። የተዳከመ ልብ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ደግ አይደለም፤ ግን በሽታው ብቻውን ይበቃው ነበር።»

«ግን እኮ በሞታቸው ማን እንደተጠቀመ ይታወቃል!»

ሳቁብኝ። «'ማን ተጠቀመ' የፖሊስ ጥያቄ ነው። እኔ የምጠይቀው 'እንዴት ይተነፍሱ ነበር' ብዬ ነው። ሁለቱን ካደባለቅህ ሐኪምም ፖሊስም አትሆንም፤ ወሬኛ ትሆናለህ።»

ተቀበልኩ። እርግጥ ነው፣ የአርሰኒክ ዓይነት መርዝ የሚጠረጥር ሰው ካለ በዓታ ማርያም ከአባታቸው ጋር ያረፉት ንግሥት ፀጉር ሊመለስለት ይችላል፤ እንደ ቴይለር። እኔ ግን ያ ሁሉ ድካም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ዘውዲቱን በሽታ ገደላቸው፤ ተፈሪ ዕድለኛ ነበሩ። ዕድለኛ መሆን ወንጀል አይደለም፤ ያስጠረጥራል እንጂ።

የልጅ ኢያሱ ነገር ሐኪምን ያሸንፋል። ታስረው ሳለ በኅዳር 1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን ወረራውን በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ ሞቱ ተባለ። ጠላት አግኝቶ ሊጠቀምባቸው በሚችልበት በዚያች ሰዓት! በአደባባይ የተለቀሰበት አስከሬን የለም። ባዶ አልጋ ላይ ሐኪም ምን ይመረምራል? እንለፈው።

አሁን እስኪ ወደ ርእሱ እንምጣ። ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ መገናኛ ብዙኃን አንድ ዜና አሰሙ፤ የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ባለፈው ቀን፣ ነሐሴ 21፣ ሞተዋል። ምክንያቱም ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ ሕመም ነው ተባለ። 83 ዓመታቸው ነበር። ዘመድ አልተጠራም፣ ፍትሐት አልተደረገም፣ መቃብሩ አልተነገረም። አገሪቱን እንደራሴ ሆነው ከጀመሩት ከ1909 ዓ.ም. አንስቶ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የመሩ ሰው እንደ ጠፋ ዕቃ ጠፉ።

መግለጫውን እስኪ እንደ ሐኪም እናንብበው። የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ለሽማግሌ ሰው ቀልድ አይደለም። ደም ሊፈስ ይችላል፤ ይህ ግን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ነው። ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል፤ እሱም ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት አለው፣ አስታማሚ ያየዋል። የረጋ ደም ከእግር ተነሥቶ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል፤ ይሄኛው ድንገተኛ ነው፣ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ከሞቱ ወራት ቀድሞ የተደረገ ነው። እንግዲህ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የ83 ዓመት ሰው ሌሊት ተኝቶ ልቡ ቆሞ ቢያድር ሕክምና «ይህ አይሆንም» አይልም። ይሆናል። ስለዚህ መግለጫው በወረቀት ላይ ሲታይ ፍጹም የማይቻል ነገር አልተናገረም። ጥሩ ውሸት ምን ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ሊሆን የሚችለውን ይመርጣል።

ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1984 ዓ.ም. አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ፣ በሲሚንቶ ወለል ሥር ተቀብሮ ተገኘ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ባቀረበው ክስ ንጉሡ ታንቀው ተገድለዋል አለ። ሕዝቡ ዘንድ የሚታወቀው ታሪክ ደግሞ በትራስ ታፈኑ የሚለው ነው። በ1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ሌሎችን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ናችሁ አለ።

ታዲያ ዘመናዊው ሕክምና አጥንቱን ቢያገኝ ምን ይላል? ወዳጄ ዶክተሩን ስጠይቃቸው ማኪያቷቸውን አስቀመጡ።

«ትራስ መጥፎ ምስክር ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው በትራስ ሲታፈን ምልክቱ ያለው ሥጋው ላይ ነው። ዓይኑ ሽፋን ውስጥ እንደ መርፌ ጫፍ የቀሉ የደም ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ከንፈሩ ከውስጥ በኩል በጥርሱ ይላላጣል፤ ሳንባው ያብጣል። እነዚህን ሁሉ በዚያው በነሐሴ 21 ቀን አንድ ሐቀኛ ሐኪም አስከሬኑን ቢያየው ሊያገኛቸው ይችል ነበር። ሥጋ ከፈረሰ በኋላ ግን አንዱም የለም። በእጅ ወይም በገመድ ከታነቀ ሌላ ነገር ነው። ከምላስ ሥር፣ ጉሮሮ ላይ፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላት ቀጭን አጥንት አለች። አንቆ የሚገድል ሰው ብዙ ጊዜ እሷን ይሰብራል፤ በሽማግሌ ሰው ላይ ደግሞ ስለምትደርቅ ቶሎ ትሰበራለች። ተሰብራ ከተገኘች ትናገራለች። ሳትሰበር ከተገኘች ግን ምንም አላለችም፤ «አልታነቀም» አላለችም። ትራስ እሷን አይነካም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይሉናል አበው። የአስከሬን ነገር ግን እያደር የሚደፈርስ ነው። የቴይለር አርሰኒክ ቢኖር ኖሮ 141 ዓመት ይጠብቅ ነበር፤ ትራስ ግን ሳምንታት እንኳ አይጠብቅም። ስለዚህ ያ የደበቀው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አስከሬኑን ሲሚንቶ ሥር 16 ዓመት ማቆየቱ ራሱ ምስክሩን እንደ መግደል ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ እኔ ከወሬኛውም ከመግለጫውም የምለየው። አጥንት ካልተናገረ ሌላ የሚናገር አለ። ሐኪም በሽተኛ ሲያይ ምልክት ይሰበስባል አይደል? መደበቅም ምልክት ነው። አስቡት፤ ያ መንግሥት ያንን ሰውዬ በጤና ማጣት አጥቶ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው የአስከሬን ምርመራ ማድረግ ነበር። የውጭ ሐኪም ጠርቶ፣ የራሳቸውን ሐኪሞች ጠርቶ፣ «ኑ እዩ፣ እጃችን ንጹሕ ነው» ይል ነበር። ከዘጠኝ ወር በፊት፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም.፣ 60 ሰው በአንድ ሌሊት ገድሎ ዓለም ሁሉ ጣቱን የቀሰረበት መንግሥት ንጽሕናውን የሚያሳይበት አጋጣሚ በእጁ ገብቶ ሲሚንቶ ያፈስበታል? በፕሮስቴት የሞተ ሰው ላይ ሲሚንቶ አይፈስም።

ሁለተኛው ምስክር ደግሞ ሐኪሙ ናቸው። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም የነበሩት፣ ከቀዶ ሕክምናው የተነሣ የተፈጠረ ችግር አልነበረም ብለው የመንግሥትን መግለጫ አልተቀበሉም። ይህችን ቃል ዝም ብላችሁ አትለፏት። የቤትሆቨንን ፀጉር አስታውሱ፤ ትልቁ መሣሪያ እንኳ «ይህ የማን ነው? ማን ዓየው? ማን ያዘው?» የሚለውን አይመልስም። ያንን የሚመልሰው በሽተኛውን በእጁ የዳሰሰ ሰው ነው። በሽተኛውን ያወቀ ሐኪም «በእኔ በሽታ አልሞተም» ካለ ከመቶ ቤተ ሙከራ ይበልጣል። ደግሞም ያ ሐኪም በኤዲንብራ የሠለጠነ፣ የአዲስ አበባውን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙት አንዱ የሆነ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ነው።

የእኚህ ሰው የራሳቸው መጨረሻስ? በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ ከሚሆኑ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት ሊቀ መንበር ሆነው በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ። በእስር ላይ ሳሉ ልባቸው ታመመ፤ ደጋፊዎቻቸው «ውጭ ወጥተው ይታከሙ» እያሉ ለወራት ጮኹ። በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ተለቀው ወጡ፤ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ላይ አረፉ። መርዝ የሚፈልግ ሰው እዚህ ምንም አያገኝም። በሽታቸው የታወቀ ነው፣ የልብ ነው። ግን ሐኪም በሦስተኛው ቀን ቢያየው የሚድን በሽታ በሦስተኛው ዓመት ሲያየው አይድንም። «መዘግየት» የሚባል መርዝ በፀጉር አይገኝም፤ በጥፍርም አይገኝም። እንደ ትራሱ ነው።

ስለ ነገሥታትና ስለ ሊቃውንት ብቻ የማወራ እንዳይመስላችሁ። የአክስቴ ባል በ1970 ዓ.ም. ከታሰረበት ቦታ ሬሳው አልመጣም፤ የመጣችው አንዲት ወረቀት ናት። «የልብ ድካም» ትላለች። 34 ዓመቱ ነበር፤ ከመታሰሩ በፊት በነበረው እሑድ ኳስ ተጫውቷል። አክስቴ ማንበብ አትችልም ነበርና ወረቀቷን ለእኔ ሰጥታ «ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት። «የማን ልብ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት የሞቱትንም ይጨምር ነበር መሰለኝ። አስከሬን የመንግሥት ንብረት እስከሆነ ድረስ ምርመራም የመንግሥት ንብረት ነው። በእስር ላይ የሞተ ማንኛውም ሰው፣ ኪስ አውላቂም ይሁን ሚኒስትር፣ ያሰረው ክፍል በማያዝዘው ሐኪም ይመርመር፤ ውጤቱ በጽሑፍ ለቤተ ሰቡ ይሰጥ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የዘር ምርመራ መሣሪያም አይጠይቅም። አንድ ሐኪም፣ አንድ ምላጭ፣ አንድ ብዕርና የመጻፍ ነፃነት ይበቃል። ቴይለርን ለመመርመር 141 ዓመት የጠበቁት በጊዜው ስላልመረመሩ ነው።

ጃንሆይን በተመለከተ ደግሞ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከባለቤታቸው ጎን ስላረፉ መቃብሩን እንደገና ክፈቱ የምል ሰው አይደለሁም። ሁለት ጊዜ የተቀበረ ሰው ይበቃዋል። ግን በ1984 ዓ.ም. ያ ሲሚንቶ ሲሰበር፣ አጥንቱ ሲለቀም፣ «የእሳቸው ነው» ሲባል አጠገቡ የቆመ ሰው አለ። ሐኪም ይሁን መሐንዲስ፣ ወታደር ይሁን ቄስ፣ ያየውን ያውቃል። አጥንቱ እንዴት ተጋድሞ ነበር? ልብስ ነበረው? ያቺ የጉሮሮ አጥንት ተገኘች? ጽፎ ያስቀመጠ ካለ ያውጣው፤ ያልጻፈ ካለ ዛሬ ይጻፍ። ያኔ 40 ዓመቱ የነበረ ሰው አሁን 70ን አልፏል፤ እሱም ነገ ሕመም ያድርበታል።